ግትር ብስክሌት፣ ባዶ ኪስ



«ግትር» የሚለው ቃል በአማርኛችን ሙገሳ ሆኖ አያውቅም። ግትር ልጅ ይመከራል፤ ግትር በሬ ይሸጣል፤ ግትር ሹም ደግሞ አገር ያፈርሳል። እዚህ ስቶክሆልም ግን ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ቃሉ መልኩን ለውጦ የክብር መለኪያ ሆኗል። ብስክሌት መንዳት የሚያዘወትሩ ወገኖቻችን በሠርግ አዳራሽም ሆነ በቡና ላይ ሰብሰብ ብለው ሲጫወቱ ጆሮ ብትሰጡ፣ «የኔ ግትር ነው»፣ «የእገሌ መኻሉ ይታጠፋል»፣ «ጉልበትህ ብረቱ ውስጥ ይቀራል» ሲባባሉ ትሰማላችሁ። ቃሉ ከሻጭ ወደ ገዢ፣ ከገዢ ወደ ጓደኛ፣ ከጓደኛም ገና አሥራ አምስት ዓመት ወዳልሞላው ልጅ ተላለፈ።

ወሬ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ብዕሬን ባላነሣሁ። ነገር ግን ሁለት ቦታ ላይ ጉዳት ማድረስ ጀምሯል። አንደኛው በልጆቻችን ላይ ነው። በሪንክቢ፣ በቴንስታ፣ በሁስቢና በሌሎችም ሰፈሮች በዕረፍት ቀን አብረው ለመንዳት የሚሰባሰቡ ወጣቶች አሉ፤ የሚያስደስት ነገር ነው። ሆኖም ከሁለት ሦስት ሺህ ክሮኖር በማይበልጥ ዋጋ የተገዛ አሮጌ ብስክሌት ይዞ የመጣ ልጅ «በዚህማ አትደርስብንም» እየተባለ ሲሸማቀቅ፣ ወላጁም ይሉኝታ ይዞት አርባ ሺህ ክሮኖር የሚያወጣ የካርቦን ብስክሌት በብድር ሲገዛ አይቻለሁ። ሁለተኛው ለአገር ቤት በሚሰበሰበው መዋጮ ላይ ነው። ለአገር ቤት ወጣት ብስክሌተኞች ዕቃ ለመላክ በተጠራ አንድ ስብሰባ ላይ፣ «ከላክን አይቀር ግትሩን፣ ዘመናዊውን እንላክ፤ ጥቂት ይሁን፣ ግን ምርጥ ይሁን» የሚለው ሐሳብ በጭብጨባ ሊያልፍ ምንም አልቀረውም ነበር። ውሳኔው ለሚቀጥለው ስብሰባ ስለተላለፈ፣ ከዚያ በፊት ይህን እንድታነቡልኝ እፈልጋለሁ።

አቋሜን ከመነሻው ልናገር። እኔና እናንተ የምንነዳው ብስክሌት መኻሉ ትንሽ ቢታጠፍ ባይታጠፍ ፍጥነታችንን የሚለውጠው ከቁጥር በማይገባ መጠን ነው። ለዚያ ኢምንት ጥቅም የምንከፍለው ዋጋ ግን ከባድ ነው፤ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ጠጋኝና መለዋወጫ ማጣትንም ይጨምራል። እኔ ዛሬ የማታ ታክሲ ነጂ ብሆንም ደሴ ከተማ ለዘጠኝ ዓመታት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምሬአለሁ። ስለዚህ በስሜት ሳይሆን በሒሳብ ልከራከራችሁ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ስለ ምን እንደምንነጋገር እንግባባ። እግራችን የሚረግጠው ፔዳሉን ነው። ፔዳሉን የያዘውን ክንድ ስዊድኖቹ «ቬቭ» ይሉታል። ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ክንዶች በአንድ ዘንግ ይያያዛሉ፤ ዘንጉ በኩሽኔታዎች ላይ ይዞራል፤ ኩሽኔታዎቹም በብስክሌቱ ቴላዮ ግርጌ በምትገኝ አጭር ቱቦ ውስጥ ይቀመጣሉ። ዘንጉና ኩሽኔታዎቹ አንድ ላይ «ቬቭላገር» ይባላሉ። ክርክሩ ሁሉ በዚህች ከአንድ ስንዝር በታች በሆነች ቦታ ላይ ነው። ቀኝ እግራችን ሲጫን ጉልበቱ በቀኙ ክንድ በኩል በቀጥታ ወደ ባለጥርሱ መዘውርና ወደ ካቴናው ይሄዳል። የግራ እግራችን ጉልበት ግን ካቴናው ጋ ለመድረስ በዘንጉ ውስጥ መሻገር ስላለበት ዘንጉን ይጠመዝዘዋል። ክንዱም፣ ዘንጉም፣ ቴላዮውም በየፊናቸው በጥቂቱ ይታጠፋሉ። «ግትር» የሚባለው ብስክሌት ይህ መታጠፍ ያነሰበት ነው።

እንዴት እዚህ እንደደረስን ማወቅም ይጠቅማል። በልጅነታችን በየከተማችን ያየናቸው ቻይና ሠራሽ ፊኒክሶች ትዝ ይሏችሁ ይሆናል። የፔዳል ክንዳቸው ከዘንጉ ጋር የሚያያዘው በብረት ሽብልቅ ነበር። ሽብልቁ ሲላላ ክንዱ ይወዛወዛል፤ ጠጋኙም በመዶሻ መታ መታ አድርጎ ይመልሰዋል። ቀጥሎ የመጣው የዘንጉ ጫፍ አራት ማዕዘን ሆኖ እየጠበበ የሚሄድበት፣ ክንዱም በብሎን የሚጠብቅበት ዓይነት ነው፤ ስትሮንግላይት የተባለው የፈረንሳይ ፋብሪካ በ1933 ለገበያ አቅርቦታል። ይህ አሠራር ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የዓለም ሻምፒዮናዎችን ሲያሸከም ኖረ። በ2003 ገደማ ሺማኖ ዘንጉን 24 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ባዶ ቱቦ አድርጎ ኩሽኔታዎቹን ከቴላዮው ውጭ አወጣቸው። በ2006 ደግሞ ካኖንዴል 30 ሚሊ ሜትር ዘንግ የሚይዘውን «ቢቢ 30» ለሁሉም አምራቾች ክፍት አደረገ። በዚህኛው ኩሽኔታው በብሎን ጥርስ መግባቱ ቀርቶ እንደ ቡሽ ተገፍቶ መግባት ጀመረ።

መሐንዲሶቹ ዋሹ አልልም። አንድ ዘንግ ጥምዘዛን የመቋቋም አቅሙ ከውፍረቱ ጋር በአራተኛ ደረጃ ያድጋል። ውፍረቱ እጥፍ ቢሆን ጥንካሬው አሥራ ስድስት እጥፍ ይሆናል። ለዚህም ነው ወፍራም ባዶ ቱቦ ከቀጭን ድፍን ብረት ቀልሎም በልጦም የሚገኘው። አዲሱ ዘንግ ከአሮጌው ይልቅ ግትር መሆኑ እውነት ነው። ጥያቄው «ግትር ነው ወይ?» ሳይሆን «ግትርነቱ ለእኔ ምን ይፈይድልኛል?» የሚለው ነው። ሻጩ የመጀመሪያውን ጥያቄ መልሶ ገንዘቡን የሚቀበለው ለሁለተኛው ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ አባቶቻችን።

እስቲ እናስላ። አርላንዳ ተራ እየጠበቅኩ በደረሰኝ ጀርባ ላይ የሠራሁት ሒሳብ ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል የደረሰ ሁሉ ሊከተለው ይችላል። ደህና ሥልጠና ያለው ነጂ 200 ዋት እያወጣ፣ በደቂቃ 90 ጊዜ እያዞረ ይሄዳል እንበል። አንድ እግሩ በጣም በሚጫንበት ቅጽበት 300 ኒውተን፣ ማለትም የ30 ኪሎ ያህል ክብደት ፔዳሉ ላይ ያሳርፋል። በዚህ ጭነት ክንዱ፣ ዘንጉና ቴላዮው ተደምረው ፔዳሉን 3 ሚሊ ሜትር ዝቅ ያደርጉታል ብለን እንውሰድ። በመታጠፉ ውስጥ የሚቀመጠው ኃይል የጭነቱና የርቀቱ ብዜት ግማሽ ነው፦ 300 በ0.003 ተባዝቶ ለሁለት ሲካፈል 0.45 ጁል። ሁለት እግር በደቂቃ 180 ጊዜ፣ በሰከንድም ሦስት ጊዜ ይጫናል። ስለዚህ 1.35 ዋት። ከ200 ዋት ውስጥ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም።

አሁን በሺህ ክሮኖር ክምር ጨምረን በግማሽ የሚበልጥ ግትር ብስክሌት ገዛን እንበል፤ ፔዳሉ በ3 ፈንታ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ዝቅ ይላል። በተመሳሳይ ሒሳብ 0.9 ዋት ይሆናል። ያተረፍነው 0.45 ዋት ነው። በሜዳ ላይ በፍጥነት ስንሄድ ዋናው ጠላታችን አየር ነው፤ አየርን ለመግፋት የሚያስፈልገው ዋት ደግሞ ከፍጥነት ጋር በሦስተኛ ደረጃ ስለሚያድግ፣ ያቺ 0.45 ዋት በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ሰው የምትጨምርለት በሰዓት 22 ሜትር ገደማ ነው። ከሞታላ ተነስቶ ቬተርን ሐይቅን የሚዞረውን፣ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን ቬተርንሩንዳን በአሥር ሰዓት ለጨረሰ ሰው ሩብ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ውሃ ለመጠጣት አንድ ጊዜ ቢቆም ያጣዋል።

ይህም ቢሆን የታጠፈው ኃይል በሙሉ ይጠፋል ብለን ለተቃራኒው ወገን አድልተን ነው። ብረት፣ አሉሚኒየምም ሆነ ካርቦን እንደ ሊጥ አይደለም፤ እንደ ምንጭ ሽቦ ነው። ሲጫኑት ይታጠፋል፣ ሲለቁት ይመለሳል። የሁክን ሕግ ያስተማርኳቸው ልጆች ይህን ያውቃሉ።  የእግር ጫና እየቀለለ ሲሄድ የታጠፈው ክፍል ሲቃና ከኃይሉ የተወሰነውን ለካቴናው ይመልሳል። እውነተኛው ጥቅም እንግዲህ ከ22 ሜትርም ያነሰ ነው ማለት ነው።

ለንጽጽር ካቴናችሁን ተመልከቱ። ንጹሕና በዘይት የራሰ ካቴና ከጉልበታችን ከመቶ ከ2 እስከ 5 እጅ ያህሉን ይበላል። ቆሽሾና ደርቆ አንድ እጅ ብቻ ቢጨምር፣ ከ200 ዋት ውስጥ 2 ዋት ሄደ፤ ይህም በግትርነት ከተረፈው ከአራት እጥፍ በላይ ነው። የዘይት ዋጋ ከመቶ ክሮኖር ብዙ አይርቅም። ከዚያም አልፎ የራሳችንን ሰውነት እንይ። ከምንበላው ምግብ ወደ ፔዳል የሚደርሰው ከአራት አንድ እጅ ገደማ ነው፤ ቀሪው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ሦስት አራተኛውን በላብ የሚያፈስ ሞተር ይዞ ስለ አንዲት ዋት ሽራፊ አርባ ሺህ መበደር ምን የሚሉት ቁጠባ ነው?

«ሒሳቡን ተወው፤ ስነዳው ግን ይሰማኛል» የሚሉኝ አሉ። ይሰማችኋል፣ አልክድም። ግትር ብስክሌት ስትጫኑት ወዲያው ይመልሳል፤ አስፋልቱን ይነግራችኋል፤ ዕቃ የጫነ ታክሲና ባዶ ታክሲ እንደሚለያዩት ነው። ነገር ግን ስሜት ሌላ፣ ሰዓት ሌላ። ለስሜቱ የሚከፍል ሰው በገዛ ገንዘቡ ይክፈል፤ መብቱ ነው። ስሜቱን «ፍጥነት» ብሎ ሰይሞ ለጎረቤት ልጅ መስበክ ግን መብቱ አይደለም።

ሌላም ተቃውሞ አለ፤ ይህኛው የሚከበር ነው። የመጨረሻ ሁለት መቶ ሜትር ላይ የሚፈነጠር ሯጭ ከ1,000 ዋት በላይ ያወጣል። ጭነቱ አምስት እጥፍ ሲሆን በመታጠፍ የሚያዘው ኃይል ሃያ አምስት እጥፍ ይሆናል፤ ከጠቅላላው ያለው ድርሻም አምስት እጥፍ ያድጋል። እንዲያ ላለው ሰው ግትርነት ትርጉም አለው። በ2024 በቱር ደ ፍራንስ ሦስት ድል አግኝቶ አረንጓዴውን ማሊያ የወሰደው የአስመራው ልጅ ቢንያም ግርማይ ግትር ብስክሌት ይገባዋል፤ ቡድኑም ይገዛለታል። እኛ ግን ቢንያምን አይደለንም። እንደ ቤትህ ኑር እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር የተባለው ለዚህ ነው፤ ጎረቤቱ ቢንያም ሲሆን ደግሞ ይበልጥ።

ወደ ታሪክ ማስረጃ እንለፍ። ቤልጂየማዊው ኤዲ መርክስ በ1972 በሜክሲኮ ሲቲ በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር ነዳ። ብስክሌቱ ከቀጭን የብረት ቱቦ የተሠራ፣ የፔዳል ዘንጉም ያ አራት ማዕዘኑ አሮጌ ዓይነት ነበር። እንግሊዛዊው ክሪስ ቦርድማን በ1996 ክንዶቹን ወደፊት ዘርግቶ፣ አየርን ለመሰንጠቅ በተሠራ ብስክሌት 56.375 ኪሎ ሜትር አደረሰው። ከዚያ የዓለም የብስክሌት ማኅበር «እንደ መርክስ ዘመን ብስክሌትና አቀማመጥ ይሁን» የሚል ሕግ አወጣ። ያው ቦርድማን በ2000 በዚያ ሕግ ሲነዳ ያስመዘገበው 49.441 ነው፤ ከመርክስ የበለጠው በአሥር ሜትር ብቻ። መርክስ በከፍታ ቦታ፣ በሳሳ አየር መንዳቱን፣ ቦርድማንም አራት ዓመት መግፋቱን አልረሳሁም። ቢሆንም ወደ ሰባት ኪሎ ሜትር የሚጠጋው ልዩነት የመጣው በአየርና በአቀማመጥ እንጂ በቬቭላገር አይደለም። አየርላንዳዊው ሾን ኬሊም በ1980ዎቹ ብዙ ድሎቹን ያገኘው «ይወዛወዛል» እየተባለ በሚታማው ቪተስ በተባለ ቀጭን የአሉሚኒየም ብስክሌት ነበር። ሐሜቱ አልያዘውም።

ከምንኖርበት አገርም ምሳሌ አለ። ኤስኮኤፍ የተባለውን ታላቅ የኩሽኔታ ፋብሪካ በ1907 በዮተቦሪ የመሠረተው ስቬን ቪንግክቪስት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መሐንዲስ ነበር። ፋብሪካው የቆመበት የሸክላ አፈር እየሰመጠ ረጃጅሞቹን ዘንጎች ያዛባቸው ስለነበር ኩሽኔታዎች ቶሎ ቶሎ ይበላሹ ነበር። ቪንግክቪስት ሕንጻውን በሙሉ ግትር ለማድረግ አልደከመም። ዘንጉ ቢዘነብልም ራሱን አስተካክሎ የሚዞር ኩሽኔታ ፈለሰፈ። ስዊድን በዓለም የታወቀችበት አንዱ ሀብት የተገነባው «ትንሽ ቢንቀሳቀስም ይሥራ» በሚል ብልሃት ነው። እኛ ደግሞ እዚሁ አገር ተቀምጠን «ፈጽሞ አይንቀሳቀስ» ስንል እንከስራለን።

የግትርነት ፉክክር ያስከተለውንም ጣጣ ልብ በሉ። ተገፍቶ የሚገባው ኩሽኔታ እንዲሠራ ቤቱ በመቶኛ ሚሊ ሜትር መጠን ልክ መሆን አለበት። በጥቂቱ ከሰፋ ኩሽኔታው ይንቀሳቀሳል፣ ውሃና አሸዋ ይገባዋል፣ በእያንዳንዱ ርግጫ «ቂጭ ቂጭ» ይላል። እያንዳንዱ አምራችም የራሱን ልክ አወጣ፤ ቢቢ 30፣ ፕሬስፊት 30፣ ቢቢ 86፣ ቢቢ 90፣ ቢቢ 386፣ ቢቢራይት እየተባለ ቁጥሩ እንደ አውቶቡስ መስመር በዛ። በመጨረሻስ? ስፔሻላይዝድ በ2020 ባወጣው የውድድር ብስክሌቱ፣ በታርማክ ኤስኤል 7፣ ወደ ጥንቱ ባለ ብሎን ቬቭላገር ተመለሰ። ሌሎችም «ቲ 47» በተባለ ሰፋ ያለ ባለ ብሎን ዓይነት ተመለሱ። ሠሪዎቹ ራሳቸው የተመለሱበትን መንገድ የኛ ሰዎች ገና በብድር እየጀመሩት ነው።

ክንዱም ቢሆን ከጣጣ አላመለጠም። ቀላልም ግትርም እንዲሆን ሁለት ቁራጭ ተጣብቆ ባዶ ሆኖ የተሠራውን የሺማኖን የፔዳል ክንድ በሚመለከት፣ በመስከረም 2023 በአሜሪካ ብቻ ወደ 680 ሺህ የሚጠጋ ዕቃ ለምርመራ ተጠርቷል። ሙጫው እየለቀቀ የሚለያይ ሆኖ ስለተገኘ ነው፤ ከ4 ሺህ በላይ ጥቆማ ደርሷል፣ ስድስት ሰዎችም ተጎድተዋል። እነዚህ ርካሽ ዕቃዎች አልነበሩም፤ በየሱቁ ጫፍ መደርደሪያ ላይ የሚሰቀሉ ነበሩ። እነሆ ለግራሞች ስስት የተከፈለ ዋጋ።

አሁን ወደ አገር ቤት ልሻገር፤ የጽሑፌ ዋና ጉዳይ እሱ ነውና። ብስክሌት ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ የተካፈለችው በ1956 በሜልቦርን ሲሆን፣ የላከቻቸው ሯጮችንና ብስክሌተኞችን ነበር፤ ገረመው ደንቦባን የመሰሉ ጀግኖች ያኔ ስማችንን አስጠርተዋል። ከመቀሌ የወጣው ጽጋቡ ግርማይ በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። በባሕር ዳር ጎዳናዎች ብስክሌት የዕለት መጓጓዣ ነው። ልጅም ተሰጥኦም አለ፤ የጎደለው ብዙ ብስክሌት፣ ብዙ ጎማ፣ ብዙ ካቴና፣ የሚጠግነውም ሰው የሚያገኘው መለዋወጫ ነው።

እስቲ አንድ ተገፍቶ በሚገባ ቬቭላገር የተሠራ የካርቦን ብስክሌት ባሕር ዳር ደረሰ እንበል። በአንድ ክረምት ጭቃ ኩሽኔታው ያልቃል። ልኩ ያው ከስድስቱ አንዱ ነው፤ የአገር ቤት ሱቅ አይዘውም። ለማውጣትና ለማስገባት ልዩ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ በመዶሻ ቢሞከር የካርቦኑ ቤት ሊሰነጠቅ ይችላል። ያ አርባ ሺህ ክሮኖር ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚቀር ጌጥ ይሆናል። በአንጻሩ ባለ ብሎኑ ቬቭላገር 68 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ቤት ውስጥ ይገባል፤ ልኩ በዓለም ዙሪያ በሰፊው የተለመደ ነው። ዋጋው ጥቂት መቶ ክሮኖር፣ መፍቻውም ከኪስ የሚገባ ነው። ጠጋኙ ማወቅ ያለበት አንድ ምስጢር የቀኙ ወገን በተቃራኒ አቅጣጫ መጥበቁን ነው፤ እሱንም የሰፈራችን ጠጋኞች ከኛ ቀድመው ያውቁታል።

ሒሳቡ ግልጽ ነው። በአንድ የካርቦን ብስክሌት ዋጋ እዚህ ስቶክሆልም ተጠቅመውበት የተሸጡ፣ ባለ ብሎን ቬቭላገር ያላቸው አሥር ጥሩ የአሉሚኒየም ወይም የብረት ብስክሌቶች ይገዛሉ። አንዱ ብስክሌት አንድ ልጅ ፎቶ ያስነሣል። አሥሩ አንድ ቡድን ይፈጥራሉ። ውድድር የሚለመደው ደግሞ በቡድን ውስጥ ነው፤ ነፋስ ተራ በተራ መከላከል፣ መጠባበቅ፣ መቀዳደም ብቻውን ለሚነዳ ልጅ አይገቡትም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው በብስክሌት ውድድር ቃል በቃል ይሠራል።

ለልጆቻችሁ ብስክሌት ስትገዙስ ምን ማየት አለባችሁ? በመጀመሪያ ልኩ ለልጁ ይሁን። የፔዳል ክንድ ርዝመት ከግትርነቱ ይልቅ ጉልበትን ይነካል። ሱቆች ለትልልቅ ሰዎች 172.5 ሚሊ ሜትር የሆነውን ያለጥያቄ ይሰጣሉ፤ ቁመቱ አጠር ላለ ወጣት ወይም ለሴት ልጅ 165 ይሻላል፣ ጉልበቷ ደረቷ ላይ አይደርስባትም። «አጭር ክንድ ኃይል ይቀንሳል» የሚለውንም አትመኑ፤ ማርቲንና ስፒርዱሶ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2001 ባሳተሙት ጥናት ከ145 እስከ 195 ሚሊ ሜትር ባሉት ርዝመቶች የነጂዎች ከፍተኛ ኃይል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላሳየም። ስሎቬኒያዊው ፖጋቻርም በ2024 ቱር ደ ፍራንስን ሲያሸንፍ 165 ሚሊ ሜትር ተጠቅሟል።

ቀጥሎ ብስክሌቱን ሳትከፍሉ በፊት ሁለቱንም የፔዳል ክንዶች ይዛችሁ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ወዝውዙ። ሁለቱም አብረው ከተንቀሳቀሱ ኩሽኔታው አልቋል፤ ዋጋ አስቀንሱበት እንጂ አትሽሹ፣ በርካሽ ይለወጣል። አንደኛው ብቻ ከተንቀሳቀሰ ብሎኑ ላልቷል፤ ላልቶ ብዙ ከተነዳ የአሉሚኒየሙ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ስለሚበላ ያን ክንድ መለወጥ ግድ ይላል። ከዚያ ካቴናውንና ጎማውን እዩ። የቀረውን ገንዘብ ለራስ ቁር፣ ለመብራትና ለውድድር መመዝገቢያ አስቀምጡ። በኅዳርና በታኅሣሥ ጨለማ በየመንገዱ ስዞር የማያቸው ጥቁር ለብሰው ያለ መብራት የሚነዱ ልጆች ከታጠፈ ቬቭላገር ይልቅ ያስፈሩኛል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በዚህ አገር ክሮኖር እንዴት እንደሚገኝ ሁላችንም እናውቀዋለን። በሌሊት ሾፌርነት፣ በአረጋውያን ቤት እንክብካቤ፣ በጽዳት፣ በመጋዘን ነው። አርባ ሺህ ክሮኖር ከግብርና ከቤት ኪራይ በኋላ የስንት ሌሊት እንቅልፍ እንደሆነ እያንዳንዳችሁ በራሳችሁ ደሞዝ አስሉት፤ ከዚያ በሰዓት 22 ሜትር ጋር በሚዛን አስቀምጡት። ገንዘቡ ተርፎት የሚገዛውን ማንም አይከለክለውም፤ ይግዛ፣ ይደሰት፣ እኛም እንመርቅለት። ድሃውን ልጅ በብስክሌቱ መኻል እየለካ ከሰልፍ የሚያስወጣውን ግን «ቁጥርህን አምጣ» ልንለው ይገባል።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ለአገር ቤት በሚሰበሰበው መዋጮ ባለ ብሎን ቬቭላገር ያላቸው፣ ያገለገሉ ነገር ግን የተጠገኑ ብስክሌቶች ብቻ ይገዙ፤ ከየአሥሩ ብስክሌት ጋርም ሁለት መለዋወጫ ቬቭላገር፣ መፍቻና ካቴና ይላክ። ሁለተኛ፣ የወጣት ቡድኖቻችን መሪዎች ማንም ልጅ በብስክሌቱ ዓይነት ምክንያት እንዳይሸማቀቅ በግልጽ ይናገሩ። ሦስተኛ፣ በወር አንድ ቀን ልጆች ካቴና መቀባት፣ ጎማ መለጠፍና ኩሽኔታ መለወጥ የሚማሩበት ሰዓት ይኑር፤ መምህር ከጠፋ እኔ ከታክሲዬ ወርጄ በነጻ አስተምራለሁ።

የምትቃወሙኝ እንደምትኖሩ አውቃለሁ፤ ክርክር ባለበት ማኅበረሰብ ነው ሰው የሚማረው። በሚቀጥለው ስብሰባ ስንገናኝ ግን «ይሰማኛል» ብቻ ይዛችሁ አትምጡ። ስንት ኒውተን፣ ስንት ሚሊ ሜትር፣ ስንት ክሮኖር የሚለውን ጽፋችሁ ኑ። ሒሳቡ እናንተ ጋ ከተገኘ እጄን አውጥቼ ከእናንተ ጋር ድምፅ እሰጣለሁ።

ቸር ይግጠመን።